ጓዳልካናል ላይ የወሰነው ጥይት ነው ወይስ ሩዝ?

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ የምፅፍላችሁ ከሐዋሳ ነው፣ ጤና ጣቢያ ነርስ ነኝ። ቅዳሜ ማታ ከአጎቴ ጋር የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዶክመንተሪ እያየን ጓዳልካናል የምትባል ደሴት ተነሳችና ተከራከርን። እሳቸው የድሮ ሰራዊት ስለነበሩ በወታደር ነገር ማንንም አይሰሙም፣ ጃፓኖቹ ወኔያቸው አልቆ ነው ጥለው የወጡት ይላሉ። እኔ ደግሞ ከጥይት ይልቅ ረሃብና ወባ ነው የጨረሳቸው የሚል አንብቤያለሁ። እውነት ነው? ደግሞስ ለአንዲት ጫካ ደሴት ያ ሁሉ ሰው ለምን አለቀ? እዛስ እንዴት ነበር የሚኖሩት?
ነርሷ፣ ከታቦር

መልስ፦ እህቴ ያነበብሽው ልክ ነው። አጎትሽን አከብራለሁ፣ ግን እዛ ያለቁትን ልጆች ፈሪ ማለት ግፍ ነው የሚመስለኝ።

ለምን ደሴቷ የሚለውን ቶሎ ልመልስልሽ። ጓዳልካናል ከአውስትራሊያ ሰሜን ምስራቅ ካሉት የሰለሞን ደሴቶች አንዷ ናት፣ ያኔ በእንግሊዝ ስር ነበረች። ጃፓኖቹ ያዟትና የአውሮፕላን ሜዳ መስራት ጀመሩ፣ ሜዳው ካለቀ ከአሜሪካ ወደ አውስትራሊያ የሚያልፈውን መርከብ ሁሉ ከአየር ሊመቱት ነው። ስለዚህ አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 1942፣ በኛ ነሐሴ 1 ቀን 1934 መሆኑ ነው፣ እኛ ጣልያንን ካስወጣን ገና አመት ከምናምን፣ ማሪን የሚባለውን ጦራቸውን አውርደው ሊያልቅ ትንሽ የቀረውን ሜዳ ነጠቁ፣ የቀረውንም በራሱ በጃፓኖቹ ማሽን ጨረሱት። ከዛ በኋላ ስድስት ወር ሙሉ የተዋጉት በዛ አንድ ሜዳ ነው። ሜዳውን የያዘ ቀን ቀን ባህሩንም ያዘ።

ኑሮው ለሁለቱም መከራ ነበር። ማሪኖቹ በወረዱ በሁለተኛው ሌሊት ጃፓኖች ሳቮ ደሴት አጠገብ አራት ትልልቅ የጦር መርከብ አሰጠሙባቸው፣ ስንቅ የጫኑትም መርከቦች አራግፈው ሳይጨርሱ ሄዱ። ልጆቹ በቀን ሁለቴ ብቻ እየበሉ፣ ያውም ጠላት ጥሎት በሄደው ሩዝ እየተደጎሙ ሰነበቱ። ጭቃው፣ ተቅማጡ፣ ሌሊት ከባህር የሚመጣው መድፍ አለ፣ ኦክቶበር 13 ሌሊት ብቻ ሁለት የጦር መርከቦች ከ900 በላይ ትልልቅ የመድፍ ጥይት ሜዳው ላይ አዘነቡበት፣ በነጋታው እንግዲህ ተነስተሽ ጉድጓድ ድፈኚ ነው።

ወባውን አንቺ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ያኔ ዋናው የወባ መድኃኒት የነበረው ኩዊኒን ባብዛኛው የሚመጣው ከኢንዶኔዥያዋ ደሴት ከጃቫ ነበር፣ ጃቫን ደግሞ ጃፓን በዛው አመት ይዛታለች። አሜሪካኖቹ የነበራቸው አታብሪን የሚባል መራራ መድኃኒት ነው፣ ቆዳ ቢጫ ያደርጋል፣ በዛ ላይ ወንድነት ያጠፋል የሚል ወሬ ተናፍሶ ልጆቹ ይተፉት ጀመር። ሐኪሞቹ ምግብ ሰልፍ ላይ ቆመው ክኒኑን አፋቸው ውስጥ እየጨመሩ መዋጣቸውን እስከማየት ደረሱ። (ጥቅምት ላይ ትኩሳቱ ለቀቀኝ ብሎ መድኃኒቱን ግማሽ ላይ የሚያቋርጥብሽን ሰው አስቢው።) እንዲያም ሆኖ በሺዎች ታመሙ፣ ዲሴምበር ላይ 1ኛው የማሪን ክፍለ ጦር ሲወጣ አንዳንዱ የመርከቡን የገመድ መሰላል መውጣት አቅቶት መርከበኞች እየጎተቱ ነው ያወጡት።

የጃፓኖቹ ግን ከዚህም ይከፋል። ቀን አውሮፕላን ስላለ ስንቅ የሚመጣው በሌሊት በፈጣን መርከብ ነው፣ መርከቧ ቆማ ለማራገፍ ጊዜ የላትም። ስለዚህ የነዳጅ በርሜል አጥበው፣ እንዲንሳፈፍ ሩዙን ሳይሞሉት ይከቱና ብዙውን በገመድ አያይዘው ባህር ላይ ይጥሉታል፣ ዳር ያሉት ወታደሮች የገመዱን ጫፍ ይዘው ይስባሉ። አስቢው እንግዲህ፣ በረሃብ እግሩ የሚንቀጠቀጥ ሰው ነው በጨለማ ውሃ ውስጥ ገብቶ በርሜል የሚጎትተው፣ ሲነጋ ደግሞ ውሃ ላይ የቀረውን አውሮፕላን መጥቶ ይመታዋል። ዲሴምበር 3 ከተጣለው 1,500 በርሜል የተገኘው 310 ብቻ ነው። አንድ መኮንን በማስታወሻው መቆም የሚችል 30 ቀን፣ መቀመጥ ብቻ የሚችል 20 ቀን ይኖራል፣ መናገር ያቃተው ሁለት ቀን ነው የቀረው የሚል ስሌት ትቷል። ይህንን ሳነብ ልቤ ነው የደማው፣ የየትኛውም ወገን ልጅ ይሁን።

ወኔ ከተባለ፣ ሴፕቴምበር ላይ ኤድሰን የሚባለው ኮረብታ ላይ ሌሊት በመትረየስ እየታጨዱ ደጋግመው የወጡት እነዚሁ ጃፓኖች ናቸው። ደሴቷ ላይ ከ30 ሺህ በላይ ጃፓናዊ ወርዶ በፌብሩዋሪ 1943 በድብቅ የወጣው 10,600 ገደማ ነው፣ ከሞተው ውስጥ ከግማሽ በላይ የጨረሰው ረሃብና በሽታ ነው። አሜሪካኖቹም ምድር ላይ 1,600 ገደማ ሲሞትባቸው ባህር ላይ ወደ 5 ሺህ ሞቶባቸዋል። ስለዚህ ነው የወሰነው ስንቅ ማን ያደርሳል የሚለው ነው የምልሽ።

ያልጠየቅሽኝን አንድ ነገር ልጨምር፣ ስለ ደሴቷ ሰዎች ብዙ ጊዜ ስለማይወራ ያናድደኛል። ጃኮብ ቩዛ የሚባል ጡረታ የወጣ የፖሊስ ሳጅን ሜጀር ቅኝት ላይ እያለ ጃፓኖች ያዙት፣ ዛፍ ላይ አስረው ስለ አሜሪካኖቹ ተናገር ቢሉት እምቢ አለ፣ በሳንጃ ወግተው ሞቷል ብለው ትተውት ሄዱ። እሱ ግን ገመዱን በጥርሱ በጥሶ እየደማ ማሪኖቹ ጋ ደርሶ ጥቃት እየመጣ መሆኑን ነገራቸው። በኋላ ከእንግሊዝም ከአሜሪካም ሜዳሊያ ተሸለመ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ደግሞ ሰር የሚለውን ማዕረግ አገኘ። ይህቺን ለአጎትሽ ንገሪልኝ፣ እንደ ወታደር የሚወዷት ታሪክ ናት።