የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ መኪናው ከመምጣቱ በፊት ሽቦው ይታይ

ጥያቄ፦ የቤንዚን ወጪ ስለከበደኝ ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ የኤሌክትሪክ መኪና ልገዛ አስቤያለሁ። ያዋጣል? ቻርጀሩን ቤቴ ሶኬት ላይ ስሞክረው ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ያለኝስ ለምንድን ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ ያዋጣል። በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር የሚጠጣ መኪና 70 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ጉልበት ያቃጥላል፤ አብዛኛው በራዲያተርና በማርሚታ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። የኤሌክትሪክ መኪና ያንኑ መንገድ በ18 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል። ቤንዚኑ በውጭ ምንዛሪ የሚገዛ ነው፤ መብራቱ ግን በአብዛኛው ከራሳችን ግድቦች የሚመጣ ነው።

ቀዩ መብራት አብዛኛውን ጊዜ የመሬት መስመር (ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወርድበት ሽቦ) የለም ማለት ነው። ሶኬቱ ላይ የመሬቱ መገናኛ ይታያል፤ ከጀርባው ግን ሽቦ የለም። አንዳንድ ሠራተኞች ሶኬቱን ፈተው ኒውትራሉን (ኤሌክትሪኩ ወደ ምሰሶው የሚመለስበትን ሽቦ) እና መሬቱን በአጭር ሽቦ ሲያገናኟቸው ቻርጀሩ ይሠራል። እባክዎ ይህን በፍጹም አያስደርጉ! ኒውትራሉ ምሰሶ ላይ የተበጠሰ ዕለት የመኪናው አካል በሙሉ 220 ቮልት ሊይዝ ይችላል፤ በሩን የነካ ሰው ሕይወቱን ያጣል። የመዳብ ዘንግ ርጥብ መሬት ውስጥ አስቀብረው ባለሙያ በመሣሪያ ይለካው፤ 30 ሚሊአምፔር ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ሲያመልጥ የሚቆርጥ ብሬከርም ያስገጥሙ።

በተራ ሶኬት በ10 አምፔር ከ20 ወደ 80 በመቶ ለማድረስ 18 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ግድግዳ ላይ የሚገጠመው ባለ 32 አምፔር ቻርጀር በ6 ሰዓት ይጨርሳል፤ ጭነቱ ግን ሁለት የእንጀራ ምጣድ ሳይነቀል ሌሊቱን ሙሉ እንደማሳደር ነው። ስለዚህ ቆጣሪዎ ይህን መሸከሙን አስቀድመው ያረጋግጡ፤ ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣ ባለ 6 ሚሊ ሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦና የራሱ 40 አምፔር ብሬከር ያስፈልጋል። የሰፈሩ ሰው ምጣዱን ካነሳ በኋላ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ወዲህ ቢጀምሩ ቮልቴጁም አይወርድብዎትም።

የሶኬት ማከፋፈያ አይጠቀሙ። ቻርጅ ከተጀመረ ከአንድ ሰዓት በኋላ ሶኬቱን በእጅዎ ጀርባ ይንኩት። እጅ አላስቆይ ካለ ወይም ፕላስቲኩ ቡናማ ከሆነ ውስጡ ያለው ብሎን ላልቷል፤ የላላ ብሎን ይግላል፣ ሲግል የባሰ ይላላል። ወዲያው ያጥፉት።

ከመግዛትዎ በፊት ደግሞ የቻርጅ ክዳኑን ከፍተው ቀዳዳዎቹን ይቁጠሩ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና በአብዛኛው ሁለት አፍ አለው፦ ባለ 7 ቀዳዳው ለቤት፣ ባለ 9ኙ ለፈጣን ቻርጅ። የቤቱ በቀላል አዳፕተር ከአውሮፓው ዓይነት ጋር ይገጥማል፤ የፈጣኑ አዳፕተር ግን ውድ ነው። በሚመላለሱበት መንገድ ያሉት ጣቢያዎች የትኛው ዓይነት እንዳላቸው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ካርቡሬተር ያለው አሮጌ መኪና አለኝ። ኢታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ይጎዳዋል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አገራችን በ2001 ዓ.ም. በ5 በመቶ ጀምራ በኋላ 10 በመቶ አድርሳው ነበር፤ በዚህ መጠን ሞተሩ አይጎዳም። ጠላቱ ውኃ ነው። ኢታኖል ውኃ ይስባል፤ ሲበዛበት ሁለቱ ተያይዘው ከሰልባቲዮው ሥር ይዘቅጣሉ፣ ሞተሩም ጠዋት ይተፋል። ሰልባቲዮውን ጎዶሎ አድርገው ለወራት አያቁሙት። ኢታኖል የከረመውን ቆሻሻ ስለሚያላቅቅ ጥቂት ጊዜ ከቀዱ በኋላ ፊልትሮውን ይቀይሩ፤ ያበጠ የጎማ ቱቦ ካዩም እንደዚሁ።