የሚወጋው ሥራ የፈታው ጫፍ ነው፦ ስለ ባለ ሦስት ጫፍ መንጠቆ የጠየቃችሁኝ

ሰሞኑን ከዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂኒያ የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ሉር ናቸው። ለማያውቀው፣ ሉር ማለት ከፕላስቲክ፣ ከእንጨት ወይም ከብረት ተሠርቶ ትንሽ ዓሣ የሚመስል ማጥመጃ ነው። ብዙዎቹ አንድ መንጠቆ ከሆዳቸው፣ አንድ ከጭራቸው ሥር ይንጠለጠልባቸዋል። እያንዳንዱ ሦስት ጫፍ አለው፤ ባጠቃላይ ስድስት። ዓሣው የሚያዘው ባንዱ ወይም በሁለቱ ነው። የቀሩት ሥራ ፈትተው የእናንተን ጣት ይጠብቃሉ።

ጥ፦ ሣጥኑን ከፍቼ አንድ ሉር ሳነሣ አምስቱ ተያይዘው ይመጣሉ። መላ ካለህ? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መ፦ በየክፍሉ አንድ ሉር ብቻ የሚያስገባ ሣጥን ግዛ፤ ውድ አይደለም። ለመንጠቆዎቹ የሚሆን የፕላስቲክ ቆብም ይሸጣል፤ ክድን አድርጎ ሦስቱንም ጫፍ ይሸፍናል። ጎማ ነገሮችን፣ ማለትም ለስላሳዎቹን የፕላስቲክ ትሎች፣ ከጠንካራዎቹ ሉሮች ጋር አትቀላቅል። ትሎቹ ውስጥ ያለው ማለስለሻ ቀለሙን ያቀልጠዋል፤ ስትከፍተው የተጣበቀ ሙጫ ታገኛለህ። የተያያዙትን ደግሞ በፍጹም አትጎትታቸው። ሣጥኑን ጠረጴዛ ላይ አድርገህ፣ አንዱን በፒንሳ ይዘህ ቀስ ብለህ ፍታ። ሲፈናጠር ነው ሰው የሚወጋው።

ጥ፦ ቅዳሜ ዕለት የሉር መንጠቆ ወንድሜ አውራ ጣት ውስጥ እስከ እሾሁ (ከጫፉ አጠገብ ወደ ኋላ እስከዞረው ትንሽ ስለት) ድረስ ገባ። ሐኪም ቤት ሄደን ወጣለት። እዚያው ወንዙ ዳር ማውጣት እንችል ነበር? (ከአሌክሳንድሪያ)

መ፦ ሐኪም ቤት መሄዳችሁ ጥሩ ነው፤ አልተሳሳታችሁም። ዓይን አካባቢ፣ ፊት ላይ፣ አንገት ላይ፣ መገጣጠሚያ ወይም ጅማት አጠገብ ከገባ አይነካም። ዓይን ከሆነ እንኳን መሳብ መጫንም የለም፤ ሳይነካ እንዲቆይ ተከልሎ ቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል።

ሥጋ ላይ ብቻ ሲሆን ግን ዓሣ አጥማጆች የሚጠቀሙበት በክር የማውጣት ዘዴ አለ። መጀመሪያ ሉሩን ከመንጠቆው ለዩት፤ ትንሿን ቀለበት በፒንሳ ከፍቶ ማውጣት ነው። ይህን የሚረሳ ሰው ሉሩ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ ቁስሉን ያሰፋዋል። ቀጥሎ ሥራ የፈቱትን ሁለት ጫፎች በሽቦ መቁረጫ ቁረጡ፤ ሲቆረጥ ስለሚፈናጠር በጨርቅ ያዙት። መቁረጫ ከሌለ በፕላስተር ጠቅልሏቸው። አለበለዚያ አንዱን ሲያወጡ ሌላው ይገባል። ከዚያ ወፍራም ክር በመንጠቆው መታጠፊያ ዙሪያ አሳልፉ። የመንጠቆውን ዓይን፣ ማለትም ከሉሩ ጋር የሚያያዝበትን ቀዳዳ፣ ወደ ቆዳው ጫን አድርጉ። ይህ እሾሁን ከሥጋው ያላቅቀዋል። ክሩን ከቆዳው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ፣ መንጠቆው በገባበት በኩል ወደ ኋላ፣ በአንድ ጊዜ ፈጠን አድርጋችሁ ሳቡት። ቀስ ተብሎ አይሳብም። ፊት ለፊት ሰው አይቁም፤ መንጠቆው ይበራል። አንዴ ሞክራችሁ እንቢ ካለ ተዉትና ኧርጀንት ኬር (ያለ ቀጠሮ የሚያክም ክሊኒክ) ሂዱ። እዚያ አደንዝዘው ያወጡታል።

በየትኛውም መንገድ ይውጣ፣ በሳሙናና በብዙ ውኃ እጠቡት። ዓሣ የነካው መንጠቆ ቆሻሻ ነው። የቴታነስ ክትባት ከተከተበ አምስት ዓመት ያለፈው ሰው ሐኪሙን ይጠይቅ። ቁስሉ ከቀላ፣ ካበጠ ወይም ሙቀት ከተሰማው፣ በተለይ የቼሳፒክ ባሕር ወሽመጥን ጨዋማ ውኃ ከነካ፣ ነገ ሐኪም ጋ እሄዳለሁ ብሎ ማሳደር የለም።

ጥ፦ ባለቤቴ ዘንጉን ከነሉሩ መኪና ውስጥ ይወረውረዋል። ልጆቼ ከኋላ ነው የሚቀመጡት። ጨቃጫቃ ተባልኩ! (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መ፦ እህቴ፣ አልጨቀጨቅሽም። ከውኃው ሲነሣ ሉሩን ከክሩ ፈትቶ ሣጥን ውስጥ ማስገባት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። ካልፈታው ቢያንስ በጨርቅ መጠቅለያ ይሸፍነው፤ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ ባለ ቬልክሮ መጠቅለያ አለ። ሣጥኑም ልጅ ከማይደርስበት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ቀለማቸው ያብረቀርቃል፣ ዓሣ ይመስላሉ፤ ልጅ አሻንጉሊት አይቶ ዝም አይልም። ውሻ ካላችሁ ደግሞ ይባስ ነው። የዓሣ ሽታ ሸቶት የዋጠ ውሻ ክሩ ካፉ ተንጠልጥሎ ቢታይ እንዳትስቡት፤ እንስሳት ሐኪም ጋ ነው።

ጥ፦ አገር ቤት ስሄድ ጫሞ ሐይቅ ላይ ናይል ፐርች ልሞክር አስቤያለሁ። ሉሮቼን በእጅ ሻንጣ ልያዛቸው? (ከፌርፋክስ)

መ፦ በእጅ ሻንጣ አይሆንም። የአሜሪካ የአየር ማረፊያ ፍተሻ ትላልቅ መንጠቆዎች ተሸፍነውና በደንብ ተጠቅልለው በሚጫነው ሻንጣ እንዲገቡ ነው የሚለው። ሻንጣ ከፋቹ ሠራተኛ እጁን ባዶውን እንደሚያስገባ አስበህ ጠቅልል። ናይል ፐርች ትልቅ ዓሣ ነው፤ ለፖቶማክ ወንዝ ባስ ዓሣ የገዛሃቸውን ቀጫጭን መንጠቆዎች ሊያቃናቸው ይችላል። ወፍራም መንጠቆ ያለበትን ውሰድ። እና ጫሞ ዳር እግርህን ውኃ ውስጥ አድርገህ አትቁም፤ የአዞ አገር ነው።

ጥ፦ መንጠቆዎቼ ዛጉ። ይወለወላሉ ወይስ ይጣላሉ? (ከባልቲሞር)

መ፦ ጫፉ ከዛገ ይቀየር። ከባሕር ወሽመጡ ስትመለስ ሉሩን በንጹሕ ውኃ አለቅልቀህ፣ ሣጥኑን ከፍተህ አሳድረው። እርጥቡን ከዘጋህበት አንዱ ሌላውንም ያዝገዋል። አሮጌውን ባዶ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ከተህ፣ ክዳኑን በፕላስተር አሽገህ ጣለው፤ ቆሻሻ የሚያነሣውም ሰው ጣት አለው።

ጥ፦ መንጠቆውን ከዓሣው አፍ ሳወጣ ሁሌ ልወጋ እላለሁ። ምን አጠፋሁ? (ከሎርተን)

መ፦ በእጅህ ሳትሞክረው አልቀረህም። ዓሣው ሲፈራገጥ ከአፉ ውጭ የተንጠለጠለው ሁለተኛው መንጠቆ ጣትህን ይይዘዋል፤ ያኔ አንተና ዓሣው ባንድ ሉር ተሳስራችሁ ቀራችሁ። ረጅም አፍንጫ ያለው ፒንሳ ይኑርህ። ዓሣው እስኪረጋጋ ጠብቅ፣ ነፃውን መንጠቆ ዓይንህ አይልቀቀው፣ የገባውን መንጠቆ ከእግሩ፣ ማለትም ከቀጥተኛው ክፍሉ፣ በፒንሳው ይዘህ ጠምዘዝ አድርግ። መረቡም የላስቲክ ይሁን፤ በናይሎን መረብ ላይ ባለ ሦስት ጫፍ ከተጠላለፈ ማታህ አለቀ።

እኔ የምመርጠው ግን እሾሁን በፒንሳ መጨፍለቅ ነው። ክሩን ካላላላህ ዓሣው ብዙም አያመልጥም፣ እጅህም ላይ ቢገባ በቀላሉ ይወጣል። ሌላው አማራጭ ባለ ሦስቱን አውጥቶ ባለ አንድ ጫፍ መተካት ነው፤ ሲቀየር ክብደቱ ስለሚለወጥ ሉሩ ውኃ ውስጥ የሚዋኝበት መንገድ ይለያያል። ዳር ላይ ጣል አድርገህ ካላዘነበለ፣ ተጠቀምበት።