እርግዝናን ሸሽጎ ቪዛ መጠየቅ፦ ለአንዲት እናት ጥያቄ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የመጀመሪያ ልጃችን ነው። የባለቤቴ እኅት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ስለምትኖር እርሷ ጋ ሄጄ ልወልድ አስበናል። ፎርም የሚሞላልን ሰው «እርግዝናውን እንዳታነሺ፤ ለዘመድ ሰርግ ነው የምሄደው በይ፤ ለኢንተርቪው ሰፋ ያለ ቀሚስ ልበሺ» አለኝ። ባለቤቴም «ለልጃችን ብለን ነው፤ ማንን ጎዳን?» ይላል። እኔ ግን ልቤ አላረፈም። ኀጢአት ነው ወይ? ቢታወቅብንስ ምን ይደርስብናል?

መልስ፦ እኅቴ ሆይ፣ ልብሽ አላርፍ ማለቱን እንደ ጸጋ ቁጠሪው። መልሱን አላዘገይብሽም፦ የሌለ ሰርግ ፈጥሮ ቪዛ መጠየቅ ኀጢአት ነው፤ በአሜሪካ ሕግም ዕድሜ ልክ የሚከተል መዘዝ አለው። ሁለቱን በየተራ እንመልከት።

ለልጅ የተሻለ ዕድል መመኘት ኀጢአት አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስ ራሱ በልደት ያገኘው የሮም ዜግነት ነበረው፤ ሊገርፉት ባሰሩት ጊዜም ጠቅሶ መብቱን አስከብሮበታል (ሐዋ. 22፥25-28)። ባሕር ማዶ መውለድንም ቤተ ክርስቲያን አትከለክልም። ችግሩ ያሰባችሁት ነገር ሳይሆን ወደዚያ የምትሄዱበት መንገድ ነው። ጌታችን «ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን፤ ከነዚህም የወጣ ከክፉው ነው» ብሏል (ማቴ. 5፥37)። ይህ ቃል የሚሠራው ከጎረቤት ጋር ስናወራ ብቻ አይደለም፤ በቆንስላው መስኮት ፊት ስንቆምም ይሠራል።

«ማንን ጎዳን?» ለሚለው ለባለቤትሽ የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 5ን አብራችሁ አንብቡ። ሐናንያና ሰጲራ የማንንም ገንዘብ አልወሰዱም፤ የሸጡት የራሳቸውን መሬት ነው፤ ዋጋውን ለራሳቸው ማስቀረትም ይችሉ ነበር። የተፈረደባቸው ባልና ሚስት ሆነው ለውሸት ስለ ተማከሩ ነው። ጴጥሮስ ሰጲራን የጠየቃት «ስለ ምን ተስማማችሁ?» ብሎ ነው። አሁን በቤታችሁ ያለው ምክክር ከዚህ በምን ይለያል?

ከዚያ ደግሞ ዘፍጥረት 12ን ተመልከቱ። አብራም በረሃብ ዘመን ወደ ግብፅ ሲወርድ ድንበሩ ላይ ሳለ ሚስቱን «እኅቱ ነኝ በዪ» አላት። ምክንያቱ የሚያሳዝን ነው፤ ለነፍሱ ፈርቶ ነው። ውጤቱ ግን ሣራ ወደ ፈርዖን ቤት ተወሰደች፣ የፈርዖን ቤት ተቀሠፈ፣ አብራምም ከነሚስቱ በሹሞች ታጅቦ ከአገሩ ተሸኘ። የአባቶችን ድካም መጽሐፍ ያልሸሸገው እኛ እንድንማርበት ነው። «የዕብራውያን አዋላጆችስ ለፈርዖን እውነቱን መች ነገሩት?» የሚሉኝ አሉ። እነርሱ የቆሙት ሕፃናትን ከሰይፍ ለማዳን ነበር። እናንተን የሚያሳድድ ሰይፍ የለም፤ ቢኖር ኖሮ መንገዱ የጥገኝነት ጥያቄ እንጂ የሰርግ ወሬ አይሆንም ነበር። እመቤታችንም ፀንሳ ሳለች ከዮሴፍ ጋር ወደ ቤተ ልሔም የወጣችው በቄሣር መዝገብ በትክክለኛ ስሟ ለመጻፍ ነው (ሉቃ. 2፥1-5)። መዝጋቢው አሕዛባዊ ስለ ሆነ አልዋሹትም።

አሁን ወደ ሕጉ ልመለስ፤ እዚህ ላይ ብዙ ሰው የተሳሳተ ነገር ይዞ ይሄዳል።

የአሜሪካ ውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ያወጣው ደንብ እንዲህ ይላል፦ የጎብኚ ቪዛ ዋና ዓላማው ልጅ እዚያ ወልዶ ዜግነት ለማግኘት ለሆነ ጉዞ አይሰጥም። ቆንስሉ አመልካቿ በቆይታዋ ትወልዳለች ብሎ ለማመን ምክንያት ካለው ዓላማዋ ይኸው እንደ ሆነ ይገምታል፤ ግምቱን ማፍረስ የእርሷ ፈንታ ነው። ነፍሰ ጡር አትጓዝ ማለት አይደለም። ልዩ ሕክምና የሚጠይቅ የእርግዝና ችግር ያለባት፣ ወይም ሊሞት የተቃረበ ወላጇን ልትጠይቅ የምትሄድ ሴት ጉዳይዋን ማስረዳት ትችላለች። በሕክምና ምክንያት የሚጠይቅ ደግሞ ሕክምናው ለምን እንዳስፈለገ የሚገልጽ የሐኪም ማስረጃ፣ እዚያ የሚቀበለው ሐኪም ወይም ሆስፒታል ከነቆይታውና ከነወጪ ግምቱ የጻፈው ደብዳቤ፣ ወጪውን በሙሉ የሚሸፍን ሕጋዊ ምንጭ ያለው ገንዘብ ማሳየት አለበት።

ዲኤስ 160 የተባለው የጎብኚ ቪዛ ማመልከቻ ፎርም «ነፍሰ ጡር ነሽ ወይ?» ብሎ አይጠይቅም። ሕጉም ያልተጠየቁትን አለመናገርን ብቻውን ሐሰተኛ መግለጫ አያደርገውም። ይህን የምነግርሽ እውነት ስለ ሆነ ነው። ነገር ግን ፎርሙ «የጉዞሽ ዓላማ ምንድን ነው?» ይላል። ዓላማሽ መውለድ ከሆነ ተጠይቀሻል ማለት ነው፤ «ሰርግ» ብለሽ በሞላሽ ጊዜ ዝምታው አብቅቶ ሐሰተኛ ምስክርነት ሆኗል። ሰፊው ቀሚስም ያው ነው። ለምቾት ከተለበሰ ልብስ ነው፤ ለማሳሳት ከተለበሰ ግን ንግግር ነው።

ፎርሙን ሌላ ሰው ቢሞላውም የምታረጋግጪው አንቺ ነሽ። እንዲያውም በመጨረሻው ገጽ ላይ ለመሙላት የረዳ ሰው እንዳለ ይጠይቃል፤ ፎርም ሞዪዎች ይህን «የለም» ብለው ያልፉታል፤ ያ ራሱ ሌላ ውሸት ነው። የባለቤትሽ እኅትም በግብዣ ደብዳቤዋ የሌለ ሰርግ ከጻፈች በአሜሪካ የቪዛ ማጭበርበር የወንጀል ጉዳይ መሆኑን ልታውቅ ይገባል። እርሷን ለችግር ማጋለጥ «ማንን ጎዳን?» ለሚለው አንዱ መልስ ነው።

ውሸቱ ቢታወቅስ? ቪዛ መከልከል ብቻውን ቀላል ነገር ነው። «ተመልሰሽ ለመምጣትሽ አላሳመንሽኝም» ተብሎ የተከለከለ ሰው ነገ እንደገና ማመልከት ይችላል፤ የሚያጣው የማመልከቻውን 185 ዶላር ነው። ሆን ብሎ መሠረታዊ በሆነ ጉዳይ ላይ መዋሸት ግን ሌላ ነው። ያ የሚያስከትለው እገዳ የጊዜ ገደብ የለውም፤ ዕድሜ ልክ ነው። ዛሬ በጎብኚ ቪዛ የተነገረው ውሸት ከዐሥር ዓመት በኋላ ዲቪ ቢደርስሽ፣ ሥራ ብታገኚ፣ ወንድምሽ ቢያስጠራሽ ተነሥቶ ፊትሽ ይቆማል።

ከሁሉ በላይ ባለቤትሽ እንዲያስተውለው የምፈልገው ይህን ነው። ብዙ ወላጆች «ልጁ 21 ዓመት ሲሞላው ይጠራናል» ብለው ያስባሉ። እርግጥ ነው፣ ዜጋ የሆነ ልጅ በ21 ዓመቱ ለወላጆቹ ማመልከት ይችላል። ነገር ግን ወላጆቹ በማጭበርበር ታግደው ከሆነ ለቋሚ መኖሪያ ዌይቨር የሚሉትን የይቅርታ ፈቃድ ማግኘት አለባቸው። ለዚያም ዜጋ ወይም የግሪን ካርድ ባለቤት የሆነ የትዳር ጓደኛ ወይም ወላጅ በእነርሱ መታገድ ከባድ ጉዳት እንደሚደርስበት ማስረዳት ይጠይቃል። ልጅ ከዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስለዚህ ለልጁ ተብሎ የተዋሸው ውሸት ያ ልጅ አድጎ እንኳ የማይከፍተው መዝጊያ ይሆናል። ይህን ሳያውቁ የገቡበት ሰዎች ሲያለቅሱ ማየት ያሳዝናል።

በአውሮፕላን ማረፊያም ሌላ ፍተሻ አለ። ቪዛ ማለት እስከ በር መድረሻ ነው፤ የሚያስገባው የድንበር ሠራተኛው ነው። ሻንጣ ተከፍቶ የሕፃን ልብስ፣ የሆስፒታል ቀጠሮ፣ በስልክ የተላላኩት መልእክት ሊታይ ይችላል። ከተናገርሽው ጋር ካልተስማማ በዚያው መመለስ አለ፤ በአስቸኳይ የማስወጣት ትእዛዝ ከተሰጠ ደግሞ ለ5 ዓመት መግባት ያስከለክላል፤ ውሸት ካለበት ደግሞ የዕድሜ ልኩ እገዳ ይጨመርበታል።

የገንዘቡን ነገር አቅልላችሁ አትዩት። ኢንሹራንስ ለሌላት እናት ያለ ችግር የተፈጸመ ወሊድ እንኳ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ የሚያስወጣ ነው፤ በቀዶ ሕክምና ከሆነ ይጨምራል፤ ሕፃኑ ያለ ጊዜው ተወልዶ ልዩ ክትትል ክፍል ከገባ ወጪው ቤተሰብ የሚያናጋ ይሆናል። የጉዞ ኢንሹራንስ መደበኛ ወሊድን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። «እዚያ ሜዲኬይድ ይከፍላል» የሚሉሽን አትስሚ፤ ሜዲኬይድ ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ መንግሥት የሚከፍለው የጤና ሽፋን ነው፤ እርሱም ለግዛቱ ነዋሪ ነው፤ ጎብኚ ሆኖ «ነዋሪ ነኝ» ብሎ መፈረም ሁለተኛ ውሸት ነው። ቪዛ ለማሳደስ ስትሄጂ ቆንስሉ «ወሊዱን ማን ከፈለው?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። በእውነት ሄደው የወለዱ እናቶች የተከፈለበትን ደረሰኝ ሁሉ አንድም ሳይጥሉ ያስቀምጡ።

ቆይታን በሚመለከት ቀኑን የሚወስነው ቪዛው ላይ ያለው ቀን ሳይሆን በመግቢያው ላይ የሚሰጠው አይ 94 የተባለው የመግቢያ መዝገብ ነው፤ ለጎብኚ ብዙ ጊዜ እስከ 6 ወር ነው። በሕጋዊ መንገድ በ32ኛው ሳምንት የገባች እናት እስከ ወሊድ 8 ሳምንት ትቆያለች፤ ሴት ብትወልድ እስከ ክርስትናዋ 80 ቀን፣ ማለትም 11 ሳምንት ተኩል ያህል ነው፤ ድምሩ ወደ 20 ሳምንት ይጠጋል። ጊዜው ይበቃል፤ ነገር ግን ሠራተኛው ከ6 ወር ያነሰ ሊሰጥ ስለሚችል የተጻፈውን ቀን አንብቢ። ከቀኑ በኋላ ከ180 ቀን በላይ ተቀምጦ የወጣ 3 ዓመት፣ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የተቀመጠ 10 ዓመት ይታገዳል። የበረራውም ነገር አለ፦ ብዙ አየር መንገዶች ከ28ኛው ሳምንት በኋላ የሐኪም ወረቀት ይጠይቃሉ፤ ከ36ኛው በኋላ አያሳፍሩም። የልጁን ፓስፖርት ለማውጣት የሁለቱም ወላጆች ፈቃድ ግዴታ ነው፤ አባት አዲስ አበባ ከቀረ ዲኤስ 3053 የተባለውን ቅጽ ኖታሪ ፊት ፈርሞ ዋናውን መላክ አለበት። ይህን ዘግይቶ ማስታወስ ቀን ሊያሳልፍ ይችላል።

ዜግነቱም ቢሆን ደላላ እንደሚለው ያለቀ ነገር አይደለም። የአሜሪካ ሕገ መንግሥት 14ኛ ማሻሻያ ከ1868 ጀምሮ በአገሪቱ የተወለደን ዜጋ ያደርጋል፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. ጥር 20 ቀን 2025 የወጣው የፕሬዚዳንቱ ትእዛዝ እናቱ በጊዜያዊ ቪዛ ያለች፣ አባቱም ዜጋ ወይም ቋሚ ነዋሪ ያልሆነ ልጅ ዜግነት እንዳያገኝ የሚል ነው። የታችኞቹ ፍርድ ቤቶች አግደውታል፤ ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሷል። ማንም ሰው ከመጓዙ በፊት የዕለቱን ሁኔታ ፈቃድ ካለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ ይጠይቅ፤ ፎርም ሞዪ ጠበቃ አይደለም። ወረቀቱም ከነግዴታው ነው የሚመጣው፦ አሜሪካዊ የሆነ ሰው የትም ቢኖር ገቢው መጠኑን ካለፈ ለዚያ አገር ግብር ሰብሳቢ ያስታውቃል። በእኛ በኩል ደግሞ ኢትዮጵያ ጥምር ዜግነት አትቀበልም፤ በዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት ልጁ 18 ዓመት ሞልቶት በአንድ ዓመት ውስጥ ሌላውን ዜግነት ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን እንደሚመርጥ ካላስታወቀ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ይህን ምርጫ ዛሬ ለእርሱ እያዘጋጃችሁለት መሆኑን እወቁት።

እንግዲህ ምን ታደርጋላችሁ? ፎርሙ ገና ካልተላከ ከሰውየው ላይ ተቀበሉት፤ የማመልከቻ ቁጥሩንና የምሥጢር ጥያቄውን መልስ ይዛችሁ ራሳችሁ ከፍታችሁ መስመር በመስመር አንብቡት። ተልኮ ከሆነም ከኢንተርቪው በፊት አዲስ ፎርም ሞልቶ የማረጋገጫ ቁጥሩን መቀየር ይቻላል። የሕክምና ምክንያት ካላችሁ በሕክምናው ጠይቁ። ከሌላችሁ እዚሁ ውለጂ፤ ጉብኝቱን ልጁን ይዛችሁ ሌላ ጊዜ ጠይቁ።

መስኮቱ ፊት ደርሰሽ አንደበትሽ ወደ ሰርጉ ቢያዘነብል እንኳ አንድ በር አለ። ሠራተኛው ሳይደርስበት በፊት፣ በዚያው ንግግር ውስጥ «ቅድም ያልኩት ልክ አይደለም፤ እውነቱ ይህ ነው» ብሎ በራሱ ያረመ ሰው እንደ ዋሸ አይቆጠርበትም። ማስረጃው ከተዘረገፈ በኋላ የሚደረግ ማመን ግን አይጠቅምም። በጊዜው በራሱ ያረመ ሰው ቪዛውን ላያገኝ ይችላል፤ ከዕድሜ ልኩ እገዳ ግን ይድናል።

ይህን የምታነቡ፣ ከዚህ በፊት ዋሽታችሁ የወለዳችሁ ወላጆች ደግሞ ልጁን የኀጢአት ፍሬ አድርጋችሁ አትዩት፤ ልጁ ምንም አልበደለም፤ ዜግነቱም በእናንተ ውሸት አይወሰድበትም። ወደ ንስሐ አባታችሁ ሁለታችሁም አብራችሁ ሂዱ፤ በአንድ ምክር የተሠራ ነውና አንዱ ብቻውን አይናዘዘው። ቀኖናችሁን ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ በሚሞላ ፎርም ሁሉ ስለ ልጆች፣ ስለ ቀድሞ ጉዞና ቆይታ የሚጠየቀውን በትክክል ሙሉ፤ አሮጌውን ውሸት ለመሸፈን አዲስ አትጨምሩ። አዲስ ማመልከቻ ከማስገባታችሁ በፊትም ለጠበቃችሁ ምንም ሳታስቀሩ ንገሩት፤ ጠበቃም ምሥጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት።

ባለቤትሽ ይህን ካነበበ በኋላም ካልተስማማ ሳትጣሉ ወደ ንስሐ አባታችሁ ይዘሽው ሂጂ። የኢንተርቪው ቀን ከመድረሱ በፊት ይሁን።