«ለበዓል ካልሆነ አልጠጣም» የሚለው ባሌ

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። ባለቤቴ የደም ግፊት ክትትል አለው፤ ሁልጊዜ አብሬው እገባለሁ። ሐኪሙ «መጠጥ ትጠጣለህ?» ሲለው «ለበዓል ካልሆነ አልጠጣም» ይላል። በርጫው ካበቃ በኋላ ግን ማታ ማታ አራት ጠርሙስ ቢራ ካልጠጣ አይተኛም። ባለፈው ቀጠሮ ግፊቱ አልወርድ ብሎ መድኃኒት ተጨመረለት። ለሐኪሙ ልንገረው ወይስ ገመናችንን ልሸፍን?

መልስ፦ እህቴ፣ ድሬ ላይ አንቱታ ብርቅ ነውና «አንቺ» ልበልሽ። ባልሽን ውሸታም ከማለትሽ በፊት ይህን አስቢ፦ ከጫት በኋላ የሚወሰደው ጨብሲ በብዙ ሰው ሒሳብ መጠጥ ተብሎ አይቆጠርም። ምርቃናን ሰብሮ እንቅልፍ የሚያመጣ መድኃኒት ነው። መጠጥ የሚባለው የሠርጉና የፋሲካው ነው። ኀፍረትም ይኖርበታል፤ ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ፣ ምናልባትም ተረኛው በበሩ አንገቱን እያስገባ፣ ማን ደፍሮ «አራት» ይላል?

ጥያቄውም ቢሆን ደካማ ነው፤ በዚህ እኛን ባለሙያዎችን እወቅሳለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጀው ባለ 10 ጥያቄ መጠይቅ «ትጠጣለህ?» ብሎ አያልፍም። በሳምንት ስንት ቀን፣ በአንድ ቀን ስንት፣ ከጀመርክ በኋላ ማቆም አቅቶህ ያውቃል እያለ ይዘልቃል። ከጠቅላላው 40 ነጥብ ውስጥ 8 ወይም ከዚያ በላይ ያገኘ ሰው አጠጣጡ ለጤናው ያሰጋል ይባላል። በዚህ መለኪያ አንድ መጠጥ 10 ግራም ንጹሕ አልኮል ነው። 330 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ አልኮሉ 5 በመቶ የሆነ ጠርሙስ ቢራ 13 ግራም ገደማ አለው፤ የባልሽ አራት ጠርሙስ እንግዲህ አምስት መጠጥ ሆነ ማለት ነው።

አልኮልም ጫትም ግፊትን ከፍ ያደርጋሉ። ይህን ያልሰማ ሐኪም ክኒኑ አልሠራም ብሎ ሌላ መጨመሩ አይደንቅም።

ስለዚህ ይነገር። ግን ሐኪሙ ፊት አታጋልጪው፤ ካፈረ ቀጠሮውን እርግፍ አድርጎ ሊተወው ይችላል። ጠዋት፣ ጫት ሳይቀርብ፣ «የማታውን ቢራ ስለማያውቅ ይመስለኛል መድኃኒት የጨመረልህ፤ አንተ ትነግረዋለህ ወይስ እኔ ልንገረው?» በይው። እምቢ ካለ እንደምትናገሪ አሳውቀሽው ለሐኪሙ ወይም ለነርሷ ለብቻ ንገሪ። ሐኪሙ የባልሽን ምስጢር ላንቺ ባያወጣም ያንቺን ቃል ከመስማት የሚከለክለው የለም። «ከበርጫ በኋላ ማታ ምን ትወስዳለህ? ስንት?» ብሎ እንዲጠይቀው ለምኚው፤ አንቺም ያን ጊዜ ውጭ ጠብቂ።

እስከዚያው ቢራውን አትደብቂበት፣ ዛሬውኑ አቁም ብለሽም አታስጨንቂው። በየቀኑ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ሊንቀጠቀጥ፣ ሊያልበው፣ አልፎም ሊያንፈራግጠው ይችላል። ጠዋት ጠዋት እጁ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ለሐኪሙ መጀመሪያ የሚነገረው እሱ ነው፤ ማቆሙ በሐኪም ክትትል ይሁን። ካንፈራገጠው ወይም ከቃዠ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ድንገተኛ ክፍል አድርሺው።