ሊ ቫን ክሊፍ ከሊዮኔ በፊት የት ነበር?

እህቴ፣ «አባቴ የካውቦይ ፊልም ሲነሳ ከሊ ቫን ክሊፍ ሌላ ስም አይጠራም፤ እኔ የማውቀው ‹ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዚ አግሊ› ላይ ያለውን ክፉ ሰውዬ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት የት ነበር? ከአባቴ ጋር ለማየት ከየትኛው ልጀምር?» ብለሽ ጠይቀሻል። መልሴ ረዘም ስለሚል ሻይሽን ይዘሽ ተቀመጪ።

እኔም እንዳንቺ ነበርኩ። ልጅ ሆነን ሰፈራችን ቪዲዮ ቤት ስናየው ስሙን እንኳ አናውቅም፤ «ዓይነ ጠባቡ» ነበር የምንለው። አክተር እንደማይሞት እናውቃለን፤ እሱ ደግሞ አክተሩ አይደለም። ስለዚህ ገና ብቅ ሲል መሞቻውን መጠበቅ ነበር ሥራችን። በደንብ ያወቅሁት አሜሪካ መጥቼ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ የመኪና ማቆሚያ የሌሊት ተረኛ በነበርኩበት ጊዜ ነው። ሂሳብ የምንቀበልባት ጠባብ ክፍል ውስጥ አንቴናዋ የተጣመመ ትንሽ ቴሌቪዥን ነበረች፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ድሮ የተሠሩ ተከታታይ የካውቦይ ፊልሞች የሚያሳይ ጣቢያ ትይዛለች። አንድ ሌሊት «ዘ ራይፍልማን» እያየሁ ያ አፍንጫና ያ ዓይን ብቅ አሉ። ግማሽ ሰዓቱ ሳይሞላ ተገደለ። ሌላ ቀን ደግሞ በዚያው ተከታታይ ፊልም ስሙንና ባርኔጣውን ቀይሮ መጣ። በኋላ ስቆጥር እዚያ ብቻ አራት ጊዜ፣ በአራት የተለያየ ስም ሠርቷል። ከዚያ ወዲህ የተዋናዮች ስም ሲወጣ እሱን መፈለግ አመል ሆነብኝ።

ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍልሽ። በ1925 ኒው ጀርሲ ውስጥ ሰመርቪል ተወለደ፤ የካውቦይ አገር አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባሕር ኃይል ገብቶ ፈንጂ የሚጠርግ መርከብ ላይ የሶናር (ባሕር ውስጥ ያለን ነገር በድምፅ የሚፈልግ መሣሪያ) ባለሙያ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የሂሳብ ሥራ ይሠራ ነበር፤ ትርፍ ጊዜውን ደግሞ ከአማተር ተዋንያን ጋር መድረክ ላይ ያሳልፋል። በመጨረሻም «ሚስተር ሮበርትስ» የተባለውን ቲያትር ከተማ ለከተማ እየዞረ ከሚያሳይ ቡድን ጋር ሲሠራ ፕሮዲዩሰሩ ስታንሊ ክሬመር አየውና «ሃይ ኑን» ለተባለው የካውቦይ ፊልም ፈለገው።

እዚህ ላይ የአፍንጫው ጉዳይ ይመጣል። እንደሚነገረው ክሬመር ያሰበለት የማርሻሉ፣ ማለትም የከተማው ሕግ አስከባሪ፣ ምክትል ሆኖ እንዲጫወት ነበር፤ ግን አፍንጫህን በኦፕሬሽን አስተካክል አለው። እምቢ አለ። ምክትልነቱ ለሎይድ ብሪጅስ ሆነ፤ ለእሱ አንድ ቃል የማይናገር ወንበዴ ተረፈው። ይህን ሲሰማ «ዕድሉን በገዛ እጁ ገፋ» የሚል ሰው ብዙ ነው፤ እኔ በዚህ አልስማማም። በ1952 የወጣውን የዚያን ፊልም መክፈቻ እዪው። ዋናው ተዋናይ ጋሪ ኩፐር ገና አልመጣም። ቫን ክሊፍ ብቻውን ተቀምጦ ሲጋራውን እያጨሰ ጓደኞቹን ይጠብቃል። ምንም አይልም፤ ግን ከተማው ላይ መከራ ሊወርድ መሆኑ ይገባሻል። «ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ ኤንድ ዚ አግሊ»ን የሠራው ጣሊያናዊ ዳይሬክተር ሰርጂዮ ሊዮኔ ከ13 ዓመት በኋላ የሚጠቀምበት ነገር እዚያ ተቀምጧል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ናቸው «የት ነበር» ላልሽው ዋናው መልስ። ቴሌቪዥን ላይ ነበር፣ እየሞተ። በ1950ዎቹ መጨረሻ የአሜሪካ ቴሌቪዥን በካውቦይ ፊልም ተጥለቅልቆ ነበር። አንዱ ተከታታይ ፊልም ብቻ በዓመት 39 ገደማ ክፍል ይፈልጋል። አክተሩ በየሳምንቱ ያው ነው፤ ክፉው ግን በየሳምንቱ አዲስ መሆን አለበት፣ ያለፈው ሳምንቱ ሞቷላ! ክፉውን ለማስተዋወቅ ደግሞ ጊዜ የለም። ማስታወቂያው ሲነሳ ግማሽ ሰዓት የማይሞላ ፊልም ነው፤ ሰውየው በር ከፍቶ ሲገባ ተመልካቹ ወዲያው «ይሄ ደግ ሰው አይደለም» ማለት አለበት። የቫን ክሊፍ ፊት ይህን ያለ አንድ ቃል ይጨርሰዋል። «ጋንስሞክ»፣ «ቦናንዛ»፣ «ሃቭ ገን፣ ዊል ትራቭል»፣ የቱም ጋ ብትሄጂ ታገኚዋለሽ። እንጀራ ያበላው ፊቱ ነው፤ ከፍ እንዳይል የያዘውም እሱው ፊቱ ነው። ሲኒማ ቤት በሚታዩትም ያው ነበር፤ በ1957ቱ «ጋንፋይት አት ዚ ኦ.ኬ. ኮራል» ገና ፊልሙ ሳይሟሟቅ ነው በኪርክ ዳግላስ ቢላዋ የሚወድቀው።

እኔን እስካሁን የሚያስገርመኝ ከሌላው ተዋናይ ከሊ ማርቪን ጋር ያለው ነገር ነው። በ1961 «ዘ ትዋይላይት ዞን» በተባለው ተከታታይ ፊልም ላይ «ዘ ግሬቭ» በሚባለው ክፍል አብረው ሠሩ። ዋናው ማርቪን ነው፤ ቫን ክሊፍ መጠጥ ቤት ውስጥ ካሉት አንዱ ነው። በሚቀጥለው ዓመት ጆን ፎርድ በሠራው «ዘ ማን ሁ ሾት ሊበርቲ ቫላንስ» ማርቪን የወንበዴዎቹ አለቃ ሆነ፤ ቫን ክሊፍ ከኋላው የሚከተል ጀሌ። ከዚህ ሁሉ ቀደም ብሎ ደግሞ፣ በ1950ዎቹ መጨረሻ፣ የመኪና አደጋ ደርሶበት ጉልበቱ ክፉኛ ተጎድቶ ነበር፤ ፈረስ ላይ ዳግመኛ አትወጣም ተብሎም ነበር። ሥራው እየሳሳ ሲሄድ ወደ ሥዕል አዘነበለ። በ1965 ሊዮኔ «ፎር ኤ ፊው ዶላርስ ሞር» ላይ ለኮሎኔል ሞርቲመር የፈለገው ማንን ይመስልሻል? ሊ ማርቪንን! ማርቪን ግን «ካት ባሉ» የተባለውን ፊልም መረጠ፤ ኦስካርም አገኘበት። የተተወው ቦታ ለጀሌው ደረሰው። ሁለቱም ተጠቀሙ፤ እንዲህ ያለ ነገር ብዙ አይገጥምም።

ቫን ክሊፍ ያኔ 40 ዓመቱ ነበር። ሞርቲመር ሆኖ ግን የ50 ዓመት ሰው ይመስላል፤ ረጋ ያለ፣ ፒፓውን የሚያጨስ፣ ውስጡ ቁስል ያለበት ሰው። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ የምታውቂውን ክፉ ሰውዬ ሆነ። የሊዮኔ ሦስቱ የዶላር ፊልሞች (እነዚህ ሁለቱና ከእነሱ በፊት የሠራው «ኤ ፊስትፉል ኦፍ ዶላርስ») አሜሪካ ሲኒማ ቤት የገቡት ሦስቱም በ1967 ነው። አሜሪካኖች «ከየት መጣ?» ማለታቸው ከዚህ ነው። ሰውየው ግን 15 ዓመት ሙሉ ሳሎናቸው ሲገባና ሲወጣ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልንገርሽ። ጣሊያኖቹ ዋና ተዋናይ አደረጉት፤ «ዘ ቢግ ጋንዳውን»ና «ሳባታ» ከዚህ ዘመን ናቸው። በ1981 «ኤስኬፕ ፍሮም ኒው ዮርክ» ላይ አለ። በ1984 «ዘ ማስተር» በሚባል ተከታታይ ፊልም የአሜሪካ ኒንጃ ሆነ፤ 13 ክፍል ተሠርቶ ቀረ፤ የግድ ካልሆነ አትድከሚበት። በ1989 በ64 ዓመቱ አረፈ።

ከየት እንጀምር ላልሽው፦ መጀመሪያ የ«ሃይ ኑን»ን መክፈቻ፣ ቀጥሎ «ዘ ግሬቭ»ን፣ ከዚያ በቀጥታ ሞርቲመርን እዩ። በአንድ ቅዳሜና እሑድ ያልቃል። «ዘ ቢግ ጋንዳውን»ን ስትፈልጊ ረጅሙን ቅጂ ያዢ፤ ለአሜሪካ ገበያ የወጣው ብዙ ተቆርጧል። የጣሊያኖቹን ፊልሞች በእንግሊዝኛ ክፈቺ። ድምፁ ከቀረጻው በኋላ የሚገባ ስለነበር የጣሊያንኛው ቅጂ ላይ የምትሰሚው የሌላ ሰው ድምፅ ነው፤ የሊዮኔዎቹ እንግሊዝኛ ቅጂ ላይ ግን ራሱ ነው የሚናገረው። አባትሽ ፒያሳ ሲኒማ ቤት ያዩት በየትኛው ቋንቋ እንደነበር ጠይቂልኝማ፤ እስካሁን የጠየቅኋቸው ሁሉ አይስማሙም።

አንድ ነገር ደግሞ። የ«ዘ ጉድ፣ ዘ ባድ» መጨረሻ፣ መቃብር ስፍራው ላይ ሦስቱ ሲፋጠጡ ካሜራው የቫን ክሊፍን ቀኝ እጅ ቀርቦ ያሳያል። የመሃል ጣቱ ጫፍ የለም። ለሴት ልጁ መጫወቻ ቤት ሲሠራ ነው የቆረጠው ይባላል። አባትሽ ይህን ልብ ብለው እንደሆነ እዪ፤ እኔ ቪዲዮ ቤት ሳለሁ አላየሁትም ነበርና ቀድመሽ እንዳትነግሪያቸው።