ዓባይ ገደል ላይ የሸርጣን ቅሪተ አካል ለምትፈልጉ ልጆች

ልጆች፣

ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ስትወርዱ ከመንገዱ ዳር የምታዩት ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ አንድ ጊዜ የባሕር ወለል ነበር። ዘመኑ ጁራሲክ ነው፤ ወደ 150 ሚሊዮን ዓመትና ከዚያም በላይ ይሆነዋል። ከላይ የተጫነው ጥቁር ድንጋይ እሳተ ገሞራ ያፈሰሰው፣ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያለው ነው፤ እሱ ላይ ጊዜ አታባክኑ። ከኖራው ሥር ደግሞ ጀሶ አለ። ጀሶ የሚቀረው ባሕሩ ተንኖ ጨዉ ሲከርር ስለሆነ፣ እዚያም ሸርጣን መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ኖራው ውስጥ ቶሎ የሚገኘው ዛጎል ነው። የሸርጣን ቅርፊት ስስ ነው፤ እንስሳው ከሞተ ብዙም ሳይቆይ እግሩ ከገላው ይለያያል። ከሁሉ የሚበረክተው የመቆንጠጫው ጫፍ ስለሆነ፣ ሙሉ ሸርጣን ከመጠበቅ ጥፍር የምታህል ጠቆር ያለች ስባሪ ብታገኙ 10 እጥፍ በሚያጎላ ሌንስ እዩዋት። እንደ ሽፍታ ደቃቅ ጉብጉብ ካለባት ልብ በሉ፤ የሸርጣን ልትሆን ትችላለች።

ብዙ ጀማሪ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ቅርፊት ሁሉ ሬሳ ይመስለዋል። ሸርጣን ሲያድግ፣ እባብ ቆዳውን እንደሚቀይር፣ ቅርፊቱን ደጋግሞ ይጥላል። የጀርባው ክዳን ከኋላ ተከፍቶ ወይም ከደረቱ ተንሸራቶ ከተገኘ የተጣለ ልብስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አሥር ክዳን ማለት አሥር ሸርጣን አይደለም። የኋላ እግሩ እንደ መቅዘፊያ ጠፍጣፋ ከሆነ ዋናተኛ ነበር፤ ክዳኑ ውስጠኛ ወገን ላይ ትል ቱቦውን ከሠራበት ወይም ኦይስተር የሚባለው ባለ ዛጎል እንስሳ ከተጣበቀበት ቶሎ ደለል አልለበሰም። ኮራል አብሮት ካለ ውኃው ሞቃትና ጥልቀት የሌለው ነበር ለማለት ትደፍራላችሁ፤ ኮራሉ ግን በበቀለበት ቆሞ እንጂ ተሰባብሮ ተንከባሎ የመጣ መሆን የለበትም።

ካገኛችሁ እጃችሁን ሰብስቡ። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅሪተ አካል ቅርስ ነው፤ ያለ ፈቃድ አይቆፈርም፣ ያገኘ ሰውም ማሳወቅ አለበት። ማስመሪያ አጠገቡ አድርጋችሁ ፎቶ አንሱ፤ በስልካችሁ የቦታውን ጂፒኤስ ያዙ፤ ከጀሶው ወይም ከጥቁሩ ድንጋይ በስንት ሜትር እንደሚርቅ ጻፉ። ከየትኛው የድንጋይ ንብርብር እንደወጣ ያልታወቀ ድንጋይ የመስኮት ጌጥ ነው፣ ሌላ ነገር አይናገርም።

ፈቃድ ይዞ ከሚሠራ ቡድን ጋር ስትወጡ መሮውን ከቅሪተ አካሉ ቢያንስ 3 ሳንቲ ሜትር አርቁ፣ ወደ ውጭ አዘንብላችሁ ምቱ። ከመንቀላችሁ በፊት የላይኛውን ወገን በቀስት ምልክት አድርጉበት። 10 በመቶ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጠብ ሲል ኖራ ወዲያው አረፋ ያወጣል፤ ሙከራው ግን ከራቀ ስባሪ ላይ ይሁን፣ አሲዱ ቅርፊቱንም ይበላዋልና። የተሰነጠቀውን በአሴቶን በቀጠነ ፓራሎይድ በሚባል ሙጫ ያዙት፤ በኋላ በዚያው በአሴቶን ይለቃል። ሱፐር ግሉ ቤት ይቅር።