ክታብና የለስላሳ ማስታወቂያ ቀጣጥዬ ፊልም ሠራሁ፤ እንጀራ ይሆነኛል?

«ባሕር ዳር ነኝ፤ ዘንድሮ በአካውንቲንግ እመረቃለሁ። የአያቴን ክታብ፣ የድሮ የቪዲዮ ካሴት ዘፈኖች፣ የለስላሳ ማስታወቂያና ጣና ላይ በስልኬ የቀረጽኩትን ቀጣጥዬ የ9 ደቂቃ ፊልም ሠርቻለሁ። ያየ ሁሉ ‹ምንድን ነው ይሄ?› ይለኛል። በዚህ እንጀራ ይበላል ወይስ ልተወው?»

እህቴ፣ ፊልምሽን ሁለት ጊዜ አየሁት። ክታቡ ላይ ያለችው ዓይን ቀስ እያለች የለስላሳ ቆርኪ የምትሆንበት ቦታ አለ፤ አራት ሰከንድ ቢሆን ነው። ደግሜ ያየሁት ለእሱ ስል ነው።

«ምንድን ነው» ለሚሉሽ መልስ አለሽ። አሜሪካዊው ብሩስ ኮነር እ.ኤ.አ. በ1958 ሌሎች ከቀረጹት ቁርጥራጭ የ12 ደቂቃ ፊልም ሠርቷል። ለአንቺ ይበልጥ የሚቀርበው ግን ክታቡ ራሱ ነው። ብራናው በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቆረጣል፤ ጸሎት፣ ጠልሰም (የመጠበቂያ ሥዕል)፣ መልአክ፣ ደግሞ ጸሎት፣ በየመሀሉ የባለቤቱ ስም። ክታቡን የሚጽፈው ደብተራ ኤዲተር ነበር ብል አይቆጣኝም መሰለኝ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎስያንም ዘመናዊ ሥዕሉን ሲሠራ ከዚሁ ከጠልሰም ቀድቷል።

ወደ እንጀራው እንምጣ። ይህ ፊልም ገንዘብ አያመጣም፤ እንጀራ የሚሆንሽ የኤዲቲንግ እጅሽ ነው። ሰርግ፣ ምርቃት፣ ክሊፕ፣ የሆቴል ማስታወቂያ ባሕር ዳር አይጠፋም። ሰርግን አትናቂ፤ የሙሉ ቀን ቀረጻ ወደ አርባ ደቂቃ ያወረደ ሰው ምን እንደሚጣል ያውቃል። ዲግሪሽንም አትጣይው። ኤዲት የሚችል ልጅ ሞልቷል፤ በጀት አውጥቶ ደረሰኝ የሚሰበስብ የፊልም ሰው ግን እኔ እስካሁን የማውቀው ሁለት ብቻ ነው። የጣናውን ገዳም ክብራን ገብርኤልን፣ ሴት ስለማይገባ፣ ከጀልባ ላይ እየተወዛወዝሽ መቅረጽሽን እንዳታርሚው። ከፊልሙ ሁሉ የአንቺ ብቻ የሆነው እሱ ነው።

ፌስቲቫል ልትልኪው ካሰብሽ መጀመሪያ ዘፈኖቹን አስፈቅጂ፣ ካልሆነ አውጪያቸው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ደራሲውን በሕይወት ዘመኑና ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይጠብቀዋል፤ «ካሴቱ ያረጀ ነው» ማለት አያድንሽም። እኔም በወጣትነቴ አንድ ዘፈን ሳላስፈቅድ አስገብቼ፣ ሥራው ሳይከፈለኝ ተመልሶብኛል።

ከዘፈኑ የከበደው ግን ሌላ ነው። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ የአያትሽ የክርስትና ስም በቀይ ቀለም ጎልቶ ይነበባል። ክታብ ተሰፍቶ አንገት ላይ የሚውለው ለማንም እንዲነበብ አይደለም። ጠይቀሻቸዋል? ዛሬ ማታ ላፕቶፑን ይዘሽ አጠገባቸው ተቀመጪና አሳዪያቸው። «ይቅር» ካሉ ይቅር፤ ፊልሙ በክታቡ ዓይን ብቻ ይቆማል። እስከዚያ ግን ስሙ ያለበትን ቅጂ ለማንም አትላኪ። ለእኔ የላክሽውን አጥፍቼዋለሁ።